ኩስኮን ለማየት አምስት ቀን ይበቃል?

በፔሩ ያለውን የማቹ ፒቹን ፎቶ ያላየ ሰው ጥቂት ነው። አረንጓዴ ተራራ፣ በተራራው ትከሻ ላይ የተዘረጋ የድንጋይ ከተማ፣ ከኋላው እንደ ቀንድ ቀጥ ብሎ የቆመ ጫፍ። ፎቶውን ያየ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት ነገር ይገምታል። አንደኛው፣ የጉዞው ትልቁ ከፍታ እዚያ ነው የሚል ነው። ሁለተኛው፣ በር ላይ ደርሶ ትኬት ቆርጦ መግባት ይቻላል የሚል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። የብዙ ሰው የጉዞ ዕቅድ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው።

ማቹ ፒቹ ከባሕር ወለል በላይ 2,430 ሜትር ላይ ነው። አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ገደማ ናት። ማለትም ማቹ ፒቹ ላይ የምትተነፍሱት አየር ከሜክሲኮ አደባባይ አየር ብዙም አይለይም። ከባዱ ከፍታ ያለው አውሮፕላን የሚያርፍባት ከተማ ላይ ነው። ኩስኮ 3,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እንጦጦ ጫፍ ወጥታችሁ ሌላ 200 ሜትር ጨምሩበት። እዚያ ላይ ነው አውሮፕላን ማረፊያው፣ ሆቴሉ፣ አደባባዩ።

ስለዚህ ለአጭር ጊዜ ኩስኮን ሊያይ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው "ምን ምን ልይ?" ብሎ አይደለም። "የትኛውን አስቀድሜ የትኛውን ላስከትል?" ነው።

ኩስኮ ስንል የት የት ማለታችን ነው?

ኩስኮ በደቡብ ምሥራቅ ፔሩ፣ በአንዲስ ተራሮች መካከል ያለች ከተማ ናት። የኢንካ መንግሥት ዋና ከተማ ነበረች። ኢንካዎች ግዛታቸውን ታዋንቲንሱዩ ይሉት ነበር። በኬችዋ ቋንቋ "አራቱ ክፍሎች በአንድነት" እንደ ማለት ነው። ወደ አራቱም ክፍሎች የሚሄዱት መንገዶች የሚነሱት ከኩስኮ ነበር። በ1533 ስፔኖች ገቡባት (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ስፔኖቹ ብዙውን የኢንካ ግንብ አፈረሱ፤ መሠረቱን ግን ተጠቀሙበት። ዛሬ በከተማዋ ጠባብ መንገዶች ስትሄዱ ከወገባችሁ በታች የኢንካ ድንጋይ፣ ከወገባችሁ በላይ የስፔን ኖራ ታያላችሁ። ኩስኮም ማቹ ፒቹም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት በ1983 ነው።

ለተጓዥ ግን ኩስኮ ማለት ሦስት ቦታ ነው። አንዱ ራሷ ከተማዋ ናት። ሁለተኛው ከከተማዋ በመኪና ከአንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት የሚርቀው፣ በኡሩባምባ ወንዝ ዳር የተዘረጋው ሸለቆ ነው፤ "ቅዱሱ ሸለቆ" ይሉታል። ሦስተኛው ማቹ ፒቹ ነው፤ ከከተማዋ በስተሰሜን ምዕራብ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ይገኛል።

የሦስቱን ከፍታ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ከተማዋ 3,400 ሜትር። ሸለቆው ውስጥ ያለችው ኦያንታይታምቦ 2,800 ሜትር ገደማ፤ ይህ የደብረ ብርሃን ከፍታ ነው። ማቹ ፒቹ 2,430። ከከተማዋ ወደ ማቹ ፒቹ የሚሄድ ሰው ተራራ እየወጣ ይመስለዋል። በእርግጥ ግን አንድ ሺህ ሜትር ያህል ቁልቁል እየወረደ ነው።

ከፍታ ላይ አየሩ ምን ይሆናል?

"ተራራ ላይ ኦክስጅን ያንሳል" ሲባል እንሰማለን። አባባሉ ውጤቱን በትክክል ይናገራል፤ ምክንያቱን ግን ያሳስታል። በባሕር ዳርቻም ሆነ በተራራ ጫፍ ላይ ከአየሩ 21 በመቶ ያህሉ ኦክስጅን ነው። ይህ ድርሻ አይለወጥም። የሚለወጠው የአየሩ ግፊት ነው።

አሥር ጋቢ አጣጥፋችሁ ደራርቡ። የታችኛው በላዩ ያሉት ዘጠኙ ስለሚጫኑት ተጠቅጥቆ ይተኛል። የላይኛው ልል ብሎ ይቀመጣል። አየርም እንዲሁ ነው። ባሕር ወለል ላይ ያለው አየር በላዩ ያለው ሁሉ ስለሚጫነው የታመቀ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የሚጫነው ስለሚያንስ ይሳሳል። ሳንባችን መጠኑን አይቀይርም። ስለዚህ አንድ ሙሉ ትንፋሽ ስንስብ የምናገኘው ኦክስጅን ይቀንሳል። የባሕር ወለሉን ግፊት 100 ብንለው፣ አዲስ አበባ ላይ 75 ገደማ፣ ኩስኮ ላይ 66 ገደማ ነው።

ሰውነት ይህን ሲያውቅ ወዲያው ሥራ ይጀምራል። ትንፋሽ ይፈጥናል፣ ልብ ቶሎ ቶሎ ትመታለች፣ ሽንት ይበዛል። በቀናት ውስጥ አተነፋፈሱ እየተስተካከለ ይሄዳል። በሳምንታት ውስጥ ደግሞ ኦክስጅን ተሸካሚ የሆኑት ቀይ የደም ሴሎች ይበዛሉ። አምስት ቀን ብቻ ያለው ተጓዥ የሚያገኘው የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ነው። ለዚያ ጊዜ መስጠት አለበት።

ጊዜ ካልተሰጠው የከፍታ ሕመም ይመጣል። የአገሩ ሰዎች "ሶሮቼ" ይሉታል። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም፣ የምግብ ፍላጎት ማጣትና እንቅልፍ እምቢ ማለት ነው። የሚገርመው እንደ ደረሳችሁ አይጀምርም። ብዙ ጊዜ ከደረሱ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ወይም የመጀመሪያው ሌሊት ላይ ነው የሚመጣው። ከአውሮፕላን የወረደ ሰው "እኔን ምንም አላለኝም" ብሎ ሻንጣውን ጥሎ ደረጃ ለደረጃ ሲዞር ይውላል። ማታ ራሱን ይዞ ይተኛል።

አብዛኛው ሰው በአንድ ሁለት ቀን ይሻለዋል። ነገር ግን ቁጭ ብለውም ትንፋሽ የሚያሳጥር ድካም፣ አረፋ ያለው ሳል፣ መንገዳገድ ወይም መቀባዠር ከታየ ነገሩ ሌላ ነው። ሳንባ ወይም አንጎል ውስጥ ፈሳሽ እየተጠራቀመ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ይገድላል። መድኃኒቱ አንድ ነው፦ ወዲያው ወደ ዝቅተኛ ቦታ መውረድና ሐኪም ጋ መድረስ። እስኪነጋ መጠበቅ የለም።

"የደጋ ልጅ ነኝ፤ እኔን ከፍታ ምን ያደርገኛል?"

ይህን ጥያቄ ከእኛ ሰው በተደጋጋሚ እሰማዋለሁ። ግማሹ እውነት ነው።

የኢትዮጵያ ደጋ ሰዎች የከፍታ አኗኗር ሳይንቲስቶችን ሲያስገርም ኖሯል። በ2002 የታተመ አንድ ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ገበሬዎችን ደም መርምሮ ነበር። የአንዲስ ተራሮች ሰዎች ከፍታን የሚቋቋሙት ኦክስጅን ተሸካሚ የሆነውን ሄሞግሎቢን በማብዛት ነው። የቲቤት ሰዎች ሄሞግሎቢናቸው ብዙም አይጨምርም፤ በደማቸው ያለው ኦክስጅን ግን ዝቅ ይላል። የሰሜን ተራሮቹ ሰዎች ከሁለቱም ተለዩ። ሄሞግሎቢናቸውም በደማቸው ያለው ኦክስጅንም ባሕር ወለል ላይ ከሚኖር ሰው ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ኩስኮ ላይ የተወለደ ሰውና ሰሜን ላይ የተወለደ ሰው አንድን ችግር በሁለት የተለያየ መንገድ ነው የፈቱት። ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ግን የተመረመሩት ሰዎች እዚያው የተወለዱ፣ እዚያው የሚያርሱ፣ እዚያው የሚያድሩ ናቸው። የሰውነት ልምምድ እንደ ፓስፖርት ኪስ ውስጥ የሚቀመጥ አይደለም። ከፍታውን ከለቀቅን ጊዜ ጀምሮ በቀናትና በሳምንታት እየከሰመ ይሄዳል። አዲስ አበባ የሚኖር ሰው በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ኩስኮ ቢደርስ የተወሰነ ጥቅም ይዞ ይደርሳል። ደብረ ብርሃን ተወልዶ ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ ወይም ዋሽንግተን አሥር ዓመት የኖረ ሰው ግን ኩስኮ ላይ ሲወርድ ከጎኑ እንደ ተቀመጠው የባሕር ዳርቻ ሰው ነው። አያቶቹ እሳቱን ከሰማይ አጠገብ ያነደዱ ቢሆኑም እንኳ ለዚያ ጉዞ ከዜሮ ይጀምራል።

የአዲስ አበባውም ሰው ቢሆን መንገዱን ያስብ። ወደ ፔሩ በቀጥታ የሚበር አውሮፕላን ከቦሌ የለም። የተለመደው በኢትዮጵያ አየር መንገድ እስከ ሳኦ ፓውሎ፣ ከዚያ በሌላ በረራ ሊማ፣ ከሊማ ደግሞ ከአንድ ሰዓት ትንሽ በሚበልጥ በረራ ኩስኮ ነው። ሊማ ባሕር ዳር ናት። ከዜሮ ተነስቶ በአንድ ሰዓት ተኩል 3,400 ሜትር ላይ መገኘት ለማንም ሰውነት ድንገተኛ ነው። በዚያ ላይ የስምንት ሰዓት የሰዓት ልዩነት አለ። እንቅልፍ ያጣ ሰው ራሱን ሲያመው ከፍታው ይሁን ድካሙ መለየት ይቸግረዋል።

ታዲያ የመጀመሪያው ሌሊት የት ይታደር?

ሸለቆው ውስጥ። የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብ ይህ ነው።

አብዛኛው ሰው ኩስኮ አርፎ ኩስኮ ያድራል፤ ስሟን ለምዶታልና። የተሻለው ግን ከአውሮፕላን ማረፊያው በቀጥታ መኪና ይዞ ወደ ኡሩባምባ ወይም ኦያንታይታምቦ መውረድ ነው። 600 ሜትር ያህል ዝቅ ብላችሁ ታድራላችሁ። ከፍታን በተመለከተ ከሁሉ የሚበልጠው የምታድሩበት ቦታ ነው፤ ሰውነት ተኝቶ ሳለ ትንፋሹ ስለሚቀንስ ችግሩ ሌሊት ይብሳል። ቀን ከፍ ብሎ ውሎ ማታ ዝቅ ብሎ ማደር ተራራ የሚወጡ ሰዎች የቆየ ደንብ ነው።

የመጀመሪያውን ቀን በእርጋታ አሳልፉት። ውኃ ጠጡ፣ ቀለል ያለ ምግብ ብሉ፣ አልኮልና የእንቅልፍ ክኒን ተዉ። አሴታዞላማይድ የሚባል መድኃኒት አለ፤ ብዙ ሰው ዳያሞክስ በሚለው ስሙ ያውቀዋል። ትንፋሽን እያፋጠነ ሰውነት ቶሎ እንዲለማመድ ያግዛል። ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከመውጣት አንድ ቀን ቀደም ብሎ ነው። ለሁሉም ሰው ስለማይሆን ሐኪም ጠይቁ። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰውና ነፍሰ ጡር ደግሞ ትኬት ከመግዛታቸው በፊት ሐኪም ማማከር አለባቸው።

ኮካ ሻይ ይጠጣል ወይ?

ኩስኮ ሆቴል ስትገቡ የሚቀርብላችሁ የመጀመሪያው ነገር የኮካ ቅጠል ሻይ ነው። የአንዲስ ሰዎች ቅጠሉን ለሺህ ዓመታት ሲያኝኩት ኖረዋል። ፔሩ ውስጥ ሕጋዊ ነው። እንግዳ ተቀባይነታቸውም ነው፤ እኛ ቡና እንደምናቀርበው።

ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። ኮኬይን የሚሠራው ከዚሁ ቅጠል ነው። አንድ ሲኒ ሻይ አያሰክርም፤ የሽንት ምርመራ ላይ ግን ኮኬይን ሊያሳይ ይችላል። አሜሪካ ውስጥ የከባድ መኪና ሹፌር የሆነ ወይም ሥራው ድንገተኛ የዕፅ ምርመራ ያለበት ወገናችን ብዙ ነው። እንዲህ ዓይነት ሥራ ያለው ሰው ሻዩን በትህትና ይለፈው። "ሙኛ" የሚባል እንደ ናና የሚሸት የተራራ ቅጠል ሻይ አለ፤ እሱን ይጠይቅ። ሁለተኛው፣ ቅጠሉንም የሻይ ከረጢቱንም ከፔሩ ይዛችሁ አትውጡ። በብዙ አገር ወንጀል ነው። የባሕረ ሰላጤው አገሮች ላይ የሚያስከትለውን መገመት አያዳግትም። ለወዳጅ ስጦታ ብላችሁ ሻንጣ ውስጥ የከተታችሁት ፓኬት ሕይወት ሊያበላሽ ይችላል።

የማቹ ፒቹ ትኬት ለምን እንዲህ ተወሳሰበ?

ማቹ ፒቹ ተራራ ጫፍ ላይ ያለ የ15ኛው መቶ ዘመን ግንባታ ነው። በ1911 ሂራም ቢንግሃም የሚባል አሜሪካዊ ለዓለም ካስተዋወቀው ወዲህ (የአካባቢው ገበሬዎች ቀድሞም ያውቁት ነበር) ጎብኚው እየበዛ ሄደ። ድንጋዩ በእግር ብዛት ያልቃል፤ መሬቱም ይሸራተታል። ስለዚህ መንግሥት በቀን የሚገባውን ሰው ገደበ። በቅርብ ዓመታት ገደቡ በአዘቦት ቀን 4,500 ሰው፣ በተመረጡ የጎብኚ ወቅቶች 5,600 ሰው ነው።

ትኬቱን እንደ አውሮፕላን ትኬት አስቡት። በስምና በፓስፖርት ቁጥር ይቆረጣል። ቀን አለው። የመግቢያ ሰዓት አለው። በዚያ ላይ መስመር አለው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከ2024 ጀምሮ ቦታው በሦስት ዋና መስመሮች ተከፍሏል፤ በውስጣቸው ደግሞ ንዑስ መስመሮች አሉ። ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር አይቻልም።

የመጀመሪያው መስመር በላይ በኩል ያልፋል። ያን የታወቀ ፎቶ ታነሳላችሁ፤ ወደ ፍርስራሹ መሃል ግን አትወርዱም። ሁለተኛው ፎቶውንም ያስነሳል፣ ከተማውንም ያዞራል። ሦስተኛው በታች በኩል ነው፤ ግንቡን ከቅርብ ታያላችሁ፣ ፎቶው ግን አይገኝም። አንድ ጊዜ ብቻ የሚሄድ ሰው ሁለተኛውን ይፈልግ። ሁሉም የሚፈልገው እሱን ስለሆነ ቀድሞ ያልቃል። በደረቁ ወራት ለመሄድ ከሁለት ሦስት ወር በፊት መግዛት ያስፈልጋል። የሚሸጠው በፔሩ የባህል ሚኒስቴር ይፋዊ ድረ ገጽ ነው። የውጭ አገር አዋቂ ሰው የሚከፍለው ተራ ትኬት 152 ሶል፣ ማለትም 40 ዶላር ገደማ ሆኖ ቆይቷል። ተራራው ሥር ባለችው በአጉዋስ ካሊየንቴስ መንደር ለማግስቱ የሚሸጡ ጥቂት ትኬቶች አሉ። ለአጭር ጉዞ ግን በእነሱ መተማመን ቁማር ነው፤ ሰልፉ አንድ ሙሉ ቀን ሊበላ ይችላል።

ትኬቱ ብቻውን አይበቃም፤ መድረሻውም አለ። አጉዋስ ካሊየንቴስ ድረስ የመኪና መንገድ የለም። ሰው የሚገባው በባቡር ነው። የሚመቸው መነሻ ኦያንታይታምቦ ነው፤ ከዚያ ሁለት ሰዓት ያህል ይወስዳል። ባቡሩ ትልቅ ሻንጣ አይቀበልም፤ ሻንጣችሁን ሆቴል ትታችሁ ትንሽ ቦርሳ ያዙ። ከመንደሩ እስከ መግቢያው በር ደግሞ አውቶቡስ አለ፤ በጠመዝማዛው መንገድ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይወጣል። ስለዚህ አንድ መግቢያ ሦስት ትኬት ነው፦ የመግቢያው፣ የባቡሩ፣ የአውቶቡሱ። መጀመሪያ የመግቢያውን ቁረጡ። ሌሎቹን በእሱ ልክ ታስተካክላላችሁ። ሰው ግን ርካሽ ባቡር አየሁ ብሎ ያንን ይቀድምና የመግቢያ ትኬት ሲፈልግ ቀኑ ያልቅበታል።

እዚህ ላይ ለእኛ ብቻ የሚሆን ማስጠንቀቂያ። ትኬቱ ላይ 06:00 ተብሎ ከተጻፈ በእኛ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው። 09:00 ከሆነ ሦስት ሰዓት። በእንቅልፍ ዓይን ስድስት የሚለውን ቁጥር አይቶ ለቀትር የሚዘጋጅ ሰው ይኖራል፤ ባቡሩ ግን አይጠብቀውም። ጉዞው ገና ሲታሰብ ሰዓቶቹን ሁሉ በአንድ አቆጣጠር ጽፋችሁ ያዙ።

መግቢያው ላይ ዋናውን ፓስፖርት ይጠይቃሉ። ግቢው ውስጥ መጸዳጃ ቤት የለም፤ ያለው ከበሩ ውጭ ነው። ተራ ትኬት የያዘ ሰው ከወጣ ተመልሶ አይገባም።

መቼ ነው የሚኬደው?

የእኛን ክረምት ገልብጡት። እኛ ጋ ዝናብ ሲዘንብ ኩስኮ ላይ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ከግንቦት እስከ መስከረም ደረቅ ወቅት ነው፤ ቀኑ ፀሐያማ፣ ሌሊቱ ግን ብርድ ነው። ሰኔና ሐምሌ ላይ ሌሊቱ ዜሮ ዲግሪ ድረስ ይወርዳል፤ ብዙ ሆቴል ደግሞ ማሞቂያ የለውም። ወፍራም ልብስ ያዙ። ፀሐዩም ከፍታ ላይ ቆዳ ያቃጥላል፤ ባርኔጣ አትርሱ።

ከኅዳር እስከ መጋቢት ይዘንባል፤ ጥርና የካቲት ላይ ይበረታል። ዋጋው ይቀንሳል፣ ሰውም ያንሳል። ግን መሬቱ ይንሸራተታል፣ ባቡርም ሊቋረጥ ይችላል። ወደ ማቹ ፒቹ በእግር አራት ቀን የሚወስደው የኢንካ ጎዳና በፌብሩዋሪ ወር ጭራሽ ዝግ ነው።

ሰኔ 17 ቀን (በአውሮፓ አቆጣጠር ጁን 24) ኢንቲ ራይሚ የሚባለው የፀሐይ በዓል ይከበራል። ኢንካዎች ያከብሩት የነበረ ሲሆን አሁን ባለው መልኩ የጀመረው በ1944 ነው። ማየት ያስደስታል፤ ግን በዚያ ሳምንት የሆቴል ዋጋ ይንራል። ጸጥታ ለሚወድ ሰው የግንቦት መጀመሪያ ይሻለዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ፔሩ ላይ ተቃውሞና የሥራ ማቆም አድማ የተለመደ ነው። በ2023 መጀመሪያ ላይ በፖለቲካ አለመረጋጋት ምክንያት ማቹ ፒቹ ለሳምንታት ተዘግቶ ነበር። በ2024 መጀመሪያ ደግሞ በትኬት አሻሻጡ የተቆጡ ነዋሪዎች ባቡሩን አስቆሙት። ስለዚህ ዕቅዳችሁ ውስጥ ከአምስቱ ቀን ሌላ አንድ ባዶ ቀን ይኑር። ከኩስኮ ወደ ሊማ የምትመለሱበትን በረራ ወደ አገር ቤት ከሚወስዳችሁ በረራ ጋር በአንድ ቀን አታድርጉት።

ሰነዱስ?

በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጓዝ ሰው ለፔሩ አስቀድሞ ቪዛ ማግኘት ያስፈልገዋል፤ ይህ ወራት ሊወስድ ስለሚችል የማይመለስ ትኬት ከመግዛታችሁ በፊት ጨርሱት። የአሜሪካ፣ የእስራኤል ወይም የአውሮፓ ኅብረት ፓስፖርት ያለው ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አይጠየቅም። የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁን ከፓስፖርቱ ጋር ያዙት። ብራዚልም ፔሩም በሽታው ያለባቸው አገሮች ስለሆኑ ከዚያ ወደ ኢትዮጵያ ስትመለሱ ሊጠየቅ ይችላል።

አምስቱ ቀን እንዴት ይከፋፈላሉ?

የመጀመሪያው ቀን በጠዋት ከሊማ ተነስታችሁ ኩስኮ ታርፋላችሁ። አደባባዩን በኋላ ታዩታላችሁ፤ ቀጥታ ወደ ሸለቆው ውረዱ። ምሳ፣ ዕረፍት፣ በኦያንታይታምቦ ጠባብ መንገዶች ትንሽ የእግር ጉዞ። መንደሯ ኢንካዎች እንደ ቀየሱት ቀርታለች፤ በመንገዱ ዳር ባለው ቦይ ዛሬም ውኃ ይፈሳል።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ከመንደሯ በላይ ያለውን የድንጋይ ምሽግ ውጡ። ከዚያ ኃይል ከተረፋችሁ ማራስ የሚባለው ቦታ የጨው ኩሬዎች አሉ። ከምንጭ የሚወጣ ጨዋማ ውኃ በተራራው ጎን በተደረደሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ ገንዳዎች ውስጥ እየተነነ ጨው ይሆናል፤ ቤተሰቦች ገንዳውን ከአባት ለልጅ ያወርሳሉ። ማታ በባቡር ወደ አጉዋስ ካሊየንቴስ። እዚያ ከፍታው 2,040 ሜትር ስለሆነ ጥሩ እንቅልፍ ታገኛላችሁ።

ሦስተኛው ቀን የማቹ ፒቹ ነው። ማለዳ ጭጋግ ሊኖር ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ረፋድ ላይ ይገለጣል። ከሰዓት በባቡር ተመልሳችሁ በመኪና ወደ ኩስኮ ትወጣላችሁ። አሁን ሰውነታችሁ ሁለት ሌሊት ተለማምዷል።

አራተኛው ቀን የከተማዋ ነው፤ በእግር። እኔ ብሆን ከኮሪካንቻ እጀምራለሁ። የኢንካዎች ዋናው የፀሐይ ቤተ መቅደስ ነበር፤ ግድግዳው በወርቅ የተለበጠ። ስፔኖቹ ወርቁን ወስደው በላዩ የቅዱስ ዶሚኒክን ገዳም ሠሩ። በ1950 ከተማዋን ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ መታት። የገዳሙ ግንባታ ክፉኛ ተጎዳ። ከሥሩ ያለው የኢንካ ግንብ ግን ቆመ፤ ተሸፍኖ የነበረውም ክፍል ያን ጊዜ ታየ። ምሥጢሩ አሠራሩ ላይ ነው። ድንጋዮቹ ያለ ጭቃና ያለ ኖራ እርስ በርስ ተገጣጥመዋል፤ ግድግዳው ወደ ውስጥ ዘንበል ይላል። መሬት ሲንቀጠቀጥ ትንሽ ተንቀሳቅሰው ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ።

ሃቱን ሩሚዮክ በሚባለው መንገድ ላይ አሥራ ሁለት ማዕዘን ያለው ድንጋይ አለ። በዙሪያው ካሉት ድንጋዮች ጋር ወረቀት በማያስገባ ጥበብ ተገጥሟል። በ2025 አንድ ሰው በመሣሪያ መትቶ አቁስሎታል። በዓይናችሁ ብቻ እዩት።

ካቴድራሉ ውስጥ የመጨረሻው እራት ሥዕል አለ። ማርኮስ ሳፓታ የሚባል የአገሩ ሠዓሊ የሣለው ነው። በጌታና በሐዋርያት ፊት ሳህኑ ላይ የቀረበውን ተመልከቱ፦ ኩይ ነው፣ የአንዲስ ሰዎች ለበዓል የሚያርዱት ትንሽ እንስሳ። የእኛ ሠዓሊዎች ቅዱሳንን በአበሻ ዓይንና በአበሻ ልብስ እንደሣሏቸው፣ እነሱም ማዕዱን የራሳቸው አደረጉት። እኔ ከኩስኮ ሁሉ ይህን ሥዕል አስበልጣለሁ።

ምሳችሁን ሳን ፔድሮ ገበያ ብሉ። ድንች በዓይነት በዓይነቱ ተደርድሮ ታያላችሁ፤ ወይን ጠጅ፣ ቢጫ፣ ጥቁር። ድንች መጀመሪያ የተላመደው በእነዚህ ተራሮች ነው። እኛ ጋ የደረሰው በ1858 በጀርመናዊው ቪልሄልም ሺምፐር በኩል እንደሆነ ይነገራል። ጾመኛ ሰው በድንች፣ በበቆሎ፣ በባቄላና ኪኑዋ በሚባለው የአንዲስ እህል አይቸገርም። ሾርባ ላይ ግን ይጠይቅ፤ አትክልት ብቻ የሚመስለው ብዙ ጊዜ በሥጋ መረቅ የተሠራ ነው።

ባለ ቀስተ ደመናው ተራራ፣ ቪኒኩንካ፣ እንዴት ሆነ ትሉኝ ይሆናል። ከ5,000 ሜትር በላይ ነው፤ ራስ ዳሸንን በ500 ሜትር ገደማ ይበልጠዋል። በአምስት ቀን ጉዞ ውስጥ እሱን መጨመር አልመክርም። ሳምንት ለሚቆይ ሰው ይሆናል።

አምስተኛው ቀን ጠዋት ሳክሳይዋማን ነው። ከከተማዋ በላይ፣ 3,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ግዙፍ የድንጋይ ሥራ። አንዳንዶቹ ድንጋዮች ከ100 ቶን በላይ እንደሚመዝኑ ይገመታል። መግቢያው ከኦያንታይታምቦና ከሌሎች ቦታዎች ጋር በአንድ የጋራ ትኬት ይሸጣል፤ ለአሥር ቀን የሚያገለግለው ሙሉው ትኬት ለውጭ ሰው 130 ሶል ሆኖ ቆይቷል። ትኬቱን ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ስለምትጠቀሙበት አትጣሉት። ከአደባባዩ በእግር የሚወጣ የድንጋይ ደረጃ አለ፤ ዳገቱ ቀጥ ያለ ነው። በመጀመሪያው ቀን ብትሞክሩት ኖሮ ግማሹ ላይ ተቀምጣችሁ ራሳችሁን ትይዙ ነበር። በአምስተኛው ቀን ቀስ እያላችሁ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ እያረፋችሁ ትወጡታላችሁ። ከላይ ሆናችሁ ቀይ ጣሪያዎቿን፣ አደባባዩንና ካቴድራሉን ቁልቁል ታያላችሁ፤ ወደ ሊማ የሚሄዱ አውሮፕላኖችም ከዚያው ከታች ሲነሱ ይታያሉ።